የጎደለው ክር

ሥራዬ ገመድ ነው፤ ስዘረጋ፣ ስጠቀልል፣
ከመጋረጃው ጀርባ በጨለማ ስውል።
ሰው የሚያውቀው ፊቷን፣
እኔ ጀርባዋን፣
ከመውጣቷ በፊት የውኃው ብርጭቆ ጥርሷን መምታቱን።

መንገድ ላይ ነው ሁሉን የነገረችኝ፣
በረዶ ጎማ ሲበላ፣ መሪው ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ።

ቴሌማርክ ነው፤ ጥድ የከበባት መንደር፣
ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ተራራውን የማትሻገር።
አባቷ ታርየይ፣ የመጋዝ ቤት ሰው፣
ብረት ሲጮህበት ውሎ ጆሮውን የጨረሰው፣
አንድ ቀን ለጎረቤት ማገዶ ጭኖ አወረደ፤
ሴትዮዋ ገንዘብ አጣች፤ በምትኩ ጊታር ይዞ ሄደ።

አምስት ክር ያለው።
የሦስተኛው ቦታ ባዶ፤
ማን ክር ይገዛል፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ሄዶ?

ሰባት ዓመቷ ነው። ጣቷ ባዶው ላይ ሲደርስ
ትቆማለች፣ ትንሽ ትተነፍስ፣
ከዚያ የጎደለውን ድምፅ በጉሮሮዋ ታወጣለች።
«እንዲህ ነው ዘፋኝ የሆንሽው» ስላት ትስቃለች።
«ተው እባክህ፣ ጉንቮር ያኔ የት ዘፈን ታውቅ ነበር?
ቀዳዳ መድፈን ነው፤ እንደ ካልሲ መጣፍ፣ እንደ ጣራው ሣር።»

ካንትሪ የሚሉት የመጣው በአጎቷ የግንድ መኪና ነው፤
አንድ ካሴት፣ ጥብጣቡ ተበጥሶ በፕላስተር የተቀጠለው።
ስለ ባቡር፣ ስለ ውስኪ የሚያለቅሱ ጎልማሶች፤
እሷ የምታውቀው በጎች፣ ሁለት ላሞች።
ቋንቋው አልገባትም፤ የገባት ድምፃቸው የሚሰበርበት ቦታ፣
ልክ እንደ አባቷ፣ መልስ ሳይሰማ ደጋግሞ ሲጣራት ማታ።

የቀረውን ጋዜጣ በሁለት መስመር ይጨርሰዋል፤
እኔ ግን ነበርኩ፤ ረጅም ነው፤ ያደክማል።
የጎማ ሱቅ ሲመረቅ ዘፈነች፤ ቋሊማ በነጻ ይታደል ነበር፣
ለእሷ ሳይሆን ለቋሊማው ተሰለፈ ሰፈር።
መርከብ ላይ ዘፈነች፣ ከኦስሎ እስከ ኪል፣
ታዳሚው ባልዲ አቅፎ፣ ማዕበል ሲያናውጠው፣ እሷ ዜማ ስትከተል።

አንድ አሳታሚ መጣ። «ጉንቮር የሚባል ስም አይሸጥም» አለ፤
ቡትስ ገዛላት፣ ባርኔጣ፣ ባለ ስድስት ክር ጊታር አስከተለ።
ሁሉ ተሟላ፤ ድምፁ ጸዳ፤
ማደባለቂያው ላይ ሆኜ ሰማሁት፤
ሰው የለቀቀው ጓዳ።

አንድ ሌሊት ከመድረክ ወረደች፤ ቃል አልተነፈሰችም።
ከቦርሳዬ ጉጠት አወጣች፤ አላስፈቀደችኝም።
ሦስተኛውን ክር ቆረጠችው።
ክሩ ተፈናጥሮ አገጬን ቧጠጠ፤
ጺም አልበቅል ብሎበት ቦታው እንደ ተመለጠ።

በመንደሯ አነጋገር ስለ መጋዝ ቤቱ ጻፈች፣
በጋው ሳያልቅ በየሬዲዮኑ አገሩን አዳረሰች።
ስሟን ማን ሊቀይር? ያ ሰውዬ እንኳ በአበባ መጣ፤
አበባውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም ለሾፌሩ፣ ጣጣ።

ሐምሌ ነው። ሜዳው ሰው በሰው፤ ዝናቡ ገና አባርቶ።
ታርየይ መጣ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮው ተዘግቶ።
ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም፤
ከመድረኩ ጎን ተንበረከከ፣ እኔን አላየኝም፤
መዳፉን ከሳንቃው ላይ አኖረ።
እንጨት ያውቃል ሰውየው፤ ጥቂት መረመረ።
«ጥድ ነው» አለኝ፣ ደንቆሮ እንደሚጮኸው ጮኾ፣ «በደንብ ያልደረቀ!»
ፊት ያሉት ዞረው አዩን፤ አንዱ ሳቀ።

ከዚያ እሷ ጀመረች። በመዳፉ ሲከተላት አየሁት፤
ጣቱ ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ እንደ ልጅ ቆጠርኩት።
ዜማው ወደ ባዶው ክር ሲጠጋ፣
እጁ ከሳንቃው ተነሣ፣ አየር ላይ ተዘረጋ፣
ከንፈሩም ተከፈተ፣
ጊዜውን ሳይስት።

ምን እንዳወጣ አልሰማሁም፤ ሃያ ሺህ ሰው ይጮኻል።
ገመዱ እጄ ላይ ነበር፤
ሳልጠቀልለው ነግቷል።